ማንም ያላሰማው ድምፅ

በ1826 መገባደጃ፣ ሌሊት ላይ፣ ሁለት ጀልባዎች በጄኔቭ ሐይቅ ላይ 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ተራርቀው ቆሙ። ከአንደኛው ሥር ደወል ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ደወሉን የሚመታው መዶሻ በዚያችው ቅጽበት ባሩድ እንዲለኩስ ተደርጎ ተሠርቷል። በሌላኛው ጀልባ ዣን ዳንኤል ኮላዶን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ወጣት ጫፉ ውሃ ውስጥ የገባ ረጅም ቱቦ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዐይኑን ወደ ማዶ ተክሎ ይጠባበቃል። ብልጭታው እንደታየው ሰዓቱን መቁጠር ጀመረ። ዘጠኝ ሰከንድ ተኩል ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የደወሉ ድምፅ በውሃው መጣ። ኮላዶንና ጓደኛው፣ የሒሳብ ሊቁ ሻርል ስቱርም፣ ርቀቱን ለጊዜው አካፍለው በ8 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,435 ሜትር እንደሚጓዝ ጻፉ። ዛሬ በእጃችን ካለው ቁጥር የሚለየው በጥቂት ሜትር ብቻ ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የእኛን ስጠራ እናገራለሁ።)

በዚያ ሌሊት የብርሃን ድርሻ የመልእክተኛ ነበር፤ ደወሉ ተመታ ብሎ መንገር ብቻ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ብርሃን ራሱ ፈሳሹ ውስጥ ገብቶ የድምፁን ፍጥነትና ዕድሜ አንብቦ የሚወጣበት መንገድ ተገኘ። ለዚህኛው ደወልም ጀልባም አላስፈለገም፤ ድምፁን የሚያሰማ ሰውም አላስፈለገም።

አዲስ አበባ፣ አየር ጤና አንድ ቤት ውስጥ ማታ ተቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ውሃ ጠዋት ሲያዩት ጸጥ ያለ ነው። ሞለኪውሎቹ ግን ሙቀት እስካለ ድረስ አያርፉም። ሲገፋፉ አንዱ ጋ ይጨናነቃሉ፣ ሌላው ጋ ይሳሳሉ። አልበርት አይንስታይን በ1910 ብርሃን ጥርት ባለ ፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ጥቂቱ ወደ ጎን የሚበተነው በዚህ የመጨናነቅና የመሳሳት መዋዠቅ መሆኑን በሒሳብ አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፒተር ደባይ በበኩሉ በጠጣር ውስጥ ያለውን ሙቀት ስፍር ቁጥር የሌላቸው የድምፅ ሞገዶች ድምር አድርጎ አሰላው። ሁለቱን ሐሳብ አንድ ላይ ላየ ሰው ቀጣዩ እርምጃ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ያደረው ውሃ ውስጥ የሚዋዠቀው እፍጋት በየአቅጣጫው የሚሮጥ ድምፅ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20,000 ንዝረት በላይ አይሰማም። የእነዚህ ንዝረት በቢሊዮን ይቆጠራል።

እርምጃውን የወሰደው ፈረንሳዊው ሌዮን ብሪዩዌን ነው። አባቱ ማርሴል ብሪዩዌን የታወቀ የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ ልጁም ሙኒክ ወርዶ ከአርኖልድ ሶመርፌልድ ዘንድ ተምሮ ተመልሷል። በ1914 ገና 25 ዓመት ሳይሞላው ባወጣት አጭር ጽሑፍ እንዲህ ሲል ተነበየ፦ ብርሃን ከሚሮጥ የድምፅ ሞገድ ላይ ተንጸባርቆ ሲመለስ ቀለሙ በጥቂቱ መለወጥ አለበት። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና የሚበር አምቡላንስ ሲመጣ ጩኸቱ ይቀጥናል፣ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። ወደ እኛ ከሚመጣ ሞገድ ላይ የነጠረ ብርሃንም እንዲሁ ድግግሞሹ ከፍ ይላል፤ ከሚሸሽ ሞገድ ላይ የነጠረው ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ቀለም ብቻ ያለው ብርሃን ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ወደ ጎን ሲበተን ሁለት ሆኖ መውጣት አለበት።

በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ብሪዩዌን ወደ ሬድዮ ሥራ ገባ፣ ሙሉውን ስሌት ያሳተመውም በ1922 ነው። በሩሲያ በኩል ሌዮኒድ ማንደልስታም ለብቻው እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያሳተመው ግን በ1926 ነው። ሩሲያውያን እስከ ዛሬ ክስተቱን በሁለቱም ስም ይጠሩታል፣ የቀረው ዓለም በፈረንሳዊው ብቻ። እኔ ለሩሲያውያኑ አደላለሁ፤ ምክንያቱንም አሁን የምተርከው ያሳያል።

ትንበያውን በዐይን ማየት ለምን ከባድ ሆነ? የለውጡን መጠን በውሃ እንየው። በቀይ ብርሃን፣ በቀኝ ማዕዘን ወደ ጎን የተበተነውን ብንይዝ፣ ለውጡ በሰከንድ 4.4 ቢሊዮን ንዝረት ነው። ብዙ ይመስላል። ብርሃኑ ራሱ ግን በሰከንድ 474 ትሪሊዮን ጊዜ ይነዝራል፤ ለውጡ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ቀይ ቀይ እንደሆነ ይወጣል፣ ዐይን ምንም አይለይም። መለያ መሣሪያ አልጠፋም ነበር። ሻርል ፋብሪና አልፍሬድ ፔሮ በ1890ዎቹ መጨረሻ ማርሴይ ላይ ሁለት በስሱ ብር የተቀቡ ጠፍጣፋ መስታወቶችን ፊት ለፊት አቁመው እጅግ የተቀራረቡ ቀለሞችን የሚለይ ኢንተርፌሮሜትር ሠርተዋል። የጠፋው መብራቱ ነው። የሜርኩሪ መብራት አንድ ቀለም ነው ቢባልም ያ ቀለም ራሱ ወፍራም ነው፤ ደካማና በየአቅጣጫው የሚረጭም ነው።

ማንደልስታም ግን መብራት እስኪሻሻል ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ሞስኮ ላይ ከግሪጎሪ ላንድስበርግ ጋር ሆኖ የኳርትዝ ክሪስታል ውስጥ በሙቀት የተፈጠረውን የድምፅ ሞገድ ማደን ጀመረ። የካቲት 21 ቀን 1928 በፎቶግራፍ ሳህናቸው ላይ በእርግጥም አዲስ መስመሮች ወጡ፤ ግን ከተነበዩት እጅግ የራቁ፣ እጅግ የጎሉ ነበሩ። ትንሿን ሲፈልጉ ትልቁን አገኙ። ያገኙት የሞለኪውሎችና የአቶሞች የውስጥ ንዝረት በብርሃኑ ቀለም ላይ የሚተወውን አሻራ ነው። ከሰባት ቀን በኋላ፣ የካቲት 28፣ ካልካታ ላይ ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማንና ረዳቱ ክሪሽናን ያንኑ ክስተት በፈሳሽ ውስጥ አዩ። ራማን ፈጥኖ ለዓለም አሳወቀ፤ የ1930 የኖቤል ሽልማትም ለእርሱ ብቻ ሆነ። ሞስኮዎቹ ሁለት ጊዜ ተቀደሙ ማለት ነው፣ አንዴ በንድፈ ሐሳቡ፣ አንዴ የሙከራውን ውጤት በማሳወቅ። ራማን ሽልማቱ ይገባው ነበር። ለብቻው መሆኑ ግን ዛሬም የሚያከራክር ነው።

ተፈሪ መኮንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በነገሡበት በዚያው በ1930፣ ሌኒንግራድ ላይ ኤቭጌኒ ግሮስ የተፈለገችውን ትንሿን ለውጥ በፈሳሽ ውስጥ ያዛት። ከሜርኩሪ መብራት የተመረጠ መስመር፣ ብርሃኑን በጥልቀት የሚተነትን መሣሪያ፣ ረጅም ሰዓት የሚጠብቅ የፎቶግራፍ ሳህን፤ ያለው ይኸው ነበር። ሳህኑ ሲታጠብ በግራና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ታዩ፣ ልክ እንደተተነበየው። መሐል ላይ ግን ማንም ያልጠበቀው ሦስተኛ ቆሞ ነበር፤ ቀለሙ ያልተለወጠ።

ይህን ሦስተኛ መስመር የፈቱት ገና ወጣት የነበረው ሌቭ ላንዳውና ጆርጅ ፕላቼክ ናቸው፣ በ1934። ፈሳሽ ውስጥ የሚዋዠቀው ግፊት ብቻ አይደለም አሉ። ግፊቱ ድምፅ ሆኖ ይሮጣል፤ ከዚያ ሌላ ግን እዚህም እዚያም ትንሽ የሞቀ፣ ትንሽ የቀዘቀዘ ቦታ አለ። የሞቀው በመስፋፋቱ ይሳሳል፣ ብርሃንም ይበትናል። ነገር ግን የትም አይሮጥም፣ ባለበት ቀስ እያለ ይከስማል። ስለማይሮጥ ቀለም አይለውጥም። የመሐሉ መስመር እርሱ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት የመሐሉ ድምቀት ከጎኖቹ ጋር ያለው ምጣኔ ከፈሳሹ ሁለት የሙቀት መያዣ ቁጥሮች ብቻ እንደሚሰላ አሳዩ። ከዚህ ስሌት የሚወጣ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይማርከኛል። ውሃ በ4 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ወዲያው መጠኑ አይለወጥም። ስለዚህ በዚያ ሙቀት የሞቀ ቦታ አይሳሳም፣ ብርሃንም አይበትንም፤ የመሐሉ መስመር ሊጠፋ ይደርሳል፣ የድምፆቹ ሁለት መስመሮች ብቻቸውን ይቀራሉ።

በዚያው አስርት ዓመት ሌላ ቅርንጫፍም በቀለ። በ1932 ደባይና ፍራንሲስ ሲርስ በአሜሪካ፣ ሉካስና ቢካር በፈረንሳይ፣ በኤሌክትሪክ የሚነዝር ኳርትዝ ፈሳሽ ውስጥ ከትተው ራሳቸው ባመነጩት ድምፅ ላይ ብርሃን በተኑ። ራማንና ናጌንድራ ናት ባንጋሎር ላይ ሒሳቡን አሳመሩት። ይህኛው መንገድ ቀላል ነው፤ ድምፁ የሰው ሥራ ስለሆነ የፈለጉትን ያህል ማጉላት ይቻላል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ መሣሪያ በሰከንድ ቢሊዮን ንዝረት ላይ መድረስ የሚታሰብ አልነበረም። በዚያ ከፍታ ያለው ሙቀት በራሱ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሠላሳ ዓመታት ባጭሩ አልፋቸዋለሁ። ሞስኮ ላይ ኢማኑኤል ፋቤሊንስኪ፣ ባንጋሎር ላይ የራማን ደቀ መዛሙርት በሜርኩሪ መብራት እየታገሉ የበርካታ ፈሳሾችን ቁጥር አወጡ። የድምፁን ፍጥነት መለካት ተቻለ። ዕድሜውን መለካት ግን አልተቻለም። የድምፁ ዕድሜ የሚታወቀው ከመስመሩ ውፍረት ነው፤ ቶሎ የሚሞት ድምፅ ወፍራም መስመር ይተዋል። መብራቱ ራሱ ወፍራም ሲሆን የቱ ውፍረት የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ግንቦት 16 ቀን 1960 ቴዎዶር ሜይማን ካሊፎርኒያ ላይ የመጀመሪያውን ሌዘር ከሩቢ ክሪስታል አበራ። ሩቢው ግን በብልጭታ የሚሠራ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሳይቋረጥ የሚፈስ ጸጥ ያለ ብርሃን ነበር። እርሱን ቴህራን ተወልዶ ያደገው አሊ ጃቫን፣ ከዊሊያም ቤኔትና ከዶናልድ ሄሪዮት ጋር ሆኖ፣ ኒው ጀርሲ በሚገኘው የቤል ላቦራቶሪ ከሂሊየምና ኒዮን ጋዝ አወጣው። ቀኑ ታኅሣሥ 12 ቀን 1960 ነው። በማግስቱ ማታ አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሆነ የኛ ሰው ያውቃል፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 4 ቀን 1953፣ የመንግሥቱና የገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት የጀመረበት ሌሊት ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎችም በዚያው ሳምንት ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ። በዚያ ሳምንት ስለ ሂሊየምና ኒዮን ያሰበ ሰው አራት ኪሎ እንዳልነበረ መገመት አይከብድም።

የጃቫን ብርሃን በዐይን የማይታይ ነበር። በ1962 አላን ኋይትና ዴን ሪግደን፣ እዚያው ቤል ውስጥ፣ ያንኑ ጋዝ ቀይ አስወጡት፤ የሞገዱ ርዝመት 632.8 ናኖሜትር። ቀዩ የሂሊየም ኒዮን ጨረር ከዚያ በኋላ ለአሥርታት በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ የተማሪ መለማመጃ ሆኖ ቆይቷል።

1964 የሙላት ዓመት ነው። በኤም አይ ቲ ሬይመንድ ቻው፣ አስተማሪው ቻርልስ ታውንስ (በዚያው ዓመት ኖቤል የተሸለመው) እና ከካናዳ የመጣው ቦሪስ ስቶይቼፍ የሩቢ ሌዘርን ብርቱ ብልጭታ ኳርትዝና ሳፋየር ውስጥ ለቀቁ። ብርሃኑ ከመበርታቱ የተነሳ ድምፁን ማንበብ ትቶ ራሱ ድምፅ ፈጠረ። የተበተነው ብርሃን ከገባው ጋር ተጋግዞ ሞገዱን ይገፋል፣ የተገፋው ሞገድ ይበልጥ ይበትናል፣ እንዲህ እያለ ይናራል። የታውንስ ሌላ ተማሪ ኤልሳ ጋርማየር ይህንኑ በፈሳሾች ውስጥ አሳየች። በጩኸት ረገድ ትልቁ ግኝት ይኸኛው ነበር። ለእኔ ግን የዓመቱ ዋና ሥራ ሌላኛው፣ ዝግተኛው ነው። ጆርጅ ቤኔዴክና ተማሪዎቹ በአንድ በኩል፣ ቻውና ስቶይቼፍ በሌላ በኩል፣ ጉልበቱ ከአንድ ዋት እጅግ ያነሰ ሌዘር ይዘው ፈሳሹን ሳይነኩትና ሳያናውጡት አዳመጡት።

እንዲህ ያለው ሙከራ ከቅርብ ሲታይ ድካሙ ያለው ከሌዘሩ በፊት ነው። መጀመሪያ ፈሳሹ ይጣራል፣ ደግሞ ይጣራል። አንዲት የአቧራ ብናኝ ብትቀር ብርሃን የምትበትነው ከአካባቢዋ ሞለኪውሎች ሁሉ በላይ ነው፤ ያን ጊዜ የመሐሉ መስመር ገዝፎ ጎኖቹን ይውጣቸዋል። የጠራው ፈሳሽ ጎኑ ጠፍጣፋ በሆነ የመስታወት ዕቃ ይሞላል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀዩ ጨረር እንደ ክር ቀጥኖ ያልፍበታል፤ ከጎን ሲያዩት ፈሳሹ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ቀይ መስመር ይታያል፣ የተበተነው ብርሃን እርሱ ነው። በቀኝ ማዕዘን የወጣው ብቻ በሌንስ ተሰብስቦ፣ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ፣ ወደ ፋብሪና ፔሮ መስታወቶች ይገባል። መስታወቶቹ የተቀመጡት አየር በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ነው። ወደ ሣጥኑ ጋዝ በዝግታ ሲለቀቅ በመስታወቶቹ መካከል የሚያልፈው ቀለም በጥቂት በጥቂቱ ይንሸራተታል። ከኋላ የተቀመጠው ፎቶመልቲፕላየር የመጣለትን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፣ ብዕሩም በሚጠቀለል ወረቀት ላይ ይስላል፤ ዝቅ ያለ ጉብታ፣ ከፍ ያለ ጫፍ፣ እንደገና ዝቅ ያለ ጉብታ።

ከዚያ ወረቀት ላይ ፍጥነቱን ማውጣት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብ ነው። በቀኝ ማዕዘን የሚወጣው ብርሃን የሚመርጠው አንድ የድምፅ ሞገድ ብቻ ነው፤ በውሃ ውስጥ ርዝመቱ 336 ናኖሜትር የሆነውን። በመሐሉና በጎኑ ጫፍ መካከል ያለው ርቀት በሰከንድ 4.41 ቢሊዮን ንዝረት ይሆናል። ሁለቱን ሲያባዙ በሰከንድ 1,482 ሜትር። ኮላዶን ሐይቅ ያስፈለገውን ቁጥር (የእርሱ ውሃ ቀዝቃዛ ስለነበር ትንሽ ያንሳል) አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ፈሳሽ ሰጠ። የጉብታው ውፍረት ደግሞ ዕድሜውን ይናገራል። በዚህ ድግግሞሽ ያለ ድምፅ ውሃ ውስጥ ሁለት ማይክሮሜትር ገደማ ሄዶ ይደክማል፣ ስድስት ያህል ሞገድ ብቻ ተራምዶ። የጄኔቩ ደወል 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ሲሄድ ይኸኛው የፀጉር ውፍረት እንኳ አያቋርጥም።

ቁጥሮቹ መጉረፍ ሲጀምሩ እንቆቅልሽም ይዘው መጡ። ኬሚስቶች ቤንዚን የሚሉት (ማደያ የሚሸጠው አይደለም) ንጹህ ፈሳሽ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ድምፅን በሰከንድ ከ1,300 ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ፍጥነት ያሳልፋል። በሌዘር ሲለካ፣ በቢሊዮን በሚቆጠር ንዝረት፣ ፍጥነቱ ወደ 1,500 ይጠጋል። ያው ፈሳሽ፣ ያው ሙቀት። ምክንያቱ ሞለኪውሉ ውስጥ ነው። ድምፅ ሲያልፍ ፈሳሹ ተጨምቆ ይሞቃል፣ ከዚያ ሙቀት ከፊሉ ወደ ሞለኪውሎቹ የውስጥ ንዝረት ይገባል። ይህ ልውውጥ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ድምፁ ከዚያ ጊዜ ቀድሞ ካለፈ ሞለኪውሉ ሙቀቱን ሳይቀበል ይቀራል፣ ፈሳሹም ጠንከር ያለ ሆኖ ይታያል፣ ድምፁም ይፈጥናል። በ1966 ፖል ፍሉሪና ቻው ይህን በተለያዩ ፈሳሾች በዝርዝር አሳዩ። ከዚያ ወዲያ ዘዴው ፍጥነት መለኪያ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ሞለኪውሎች ሙቀት ለመቀባበል ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው የሚነግር ሆነ።

በዚሁ ጊዜ ሌዘር በፈሳሽ ውስጥ የመበተኑ ነገር በሌላ በር ወደ ሕክምና ገባ። የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከሉ አለርት በ1965 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ ተመሠረተ፣ አጠገቡ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970። እነዚህ ዓመታት በአሜሪካ ሴሎችን በፈሳሽ ጅረት አንድ በአንድ አሰልፎ በሌዘር ፊት የሚያሳልፈው ፍሎው ሳይቶሜትር የተፈለሰፈባቸው ናቸው። ሴሉ ወደ ፊት የበተነው ብርሃን መጠኑን፣ ወደ ጎን የበተነው የውስጡን ሁኔታ ይናገራል። ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ሌዘር በፈሳሽ ሲበተን ማየት ለሚፈልግ ቅርቡ ቦታ እንዲህ ያለ የበሽታ መከላከያ ምርምር የሚካሄድበት ተቋም ነው፤ የደም ሴል ይቆጠርበታል እንጂ ድምፅ አይለካበትም።

ድምፁስ? እርሱም አለ፣ ከመሬት በታች። በ1972 ኤሪክ ኢፐንና ሮጀር ስቶለን በመስታወት ፋይበር ውስጥ ያንን የ1964ቱን መናር አዩ። ፋይበር ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ጥቂት ሚሊዋት ብቻ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ሲጨመር ብርሃኑ ከራሱ በፈጠረው ድምፅ ላይ እየነጠረ ወደ ኋላ ይመለሳል። የረጅም መስመር መሐንዲሶች ዛሬም ይህን ወሰን እያሰሉ ነው የሚሠሩት። ከአየር ጤና እስከ ቀራኒዮ ከመሬት ሥር በተዘረጋ ማንኛውም የኢንተርኔት ፋይበር ውስጥ፣ ይህን ጽሑፍ በስልክዎ ቢያነቡት፣ የሚያደርሰው ብርሃን በመንገዱ ጥቂቱ በሰከንድ ወደ 11 ቢሊዮን ከሚነዝር የመስታወት ድምፅ ላይ ይበተናል። ጃፓኖቹ ሆሪጉቺና ታቴዳ በ1989 ከዚህ ጥፋት ጥቅም አወጡ። ፋይበሩ ሲሞቅ ወይም ሲሳብ የድምፁ ፍጥነት ስለሚለወጥ፣ የተመለሰውን ብርሃን ቀለም በመለካት ከየትኛው ሜትር ላይ እንደሞቀ ወይም እንደተወጠረ ማወቅ ይቻላል። ግድቦችና የነዳጅ ቧንቧዎች አሁን በዚህ ይጠበቃሉ።

ወደ ፈሳሹ ልመለስ፤ ግን በመንገዴ አንድ የእኛ ሰው አለ። ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው፣ እስር ቤት ውስጥም ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩ መምህር ናቸው። ከእስር በኋላ ራማን ይመራው ወደነበረው ባንጋሎር ወዳለው የህንድ የሳይንስ ኢንስቲትዩት ሄደው በ1990ዎቹ ተመራመሩ። የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በ2012 የአንድሬይ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጣቸው። ዘርፋቸው የብርሃን ብተና አይደለም። ነገር ግን በሙቀት የሚናወጡ ጥቃቅን ነገሮችን የሚያጠናው ስታቲስቲካዊ ፊዚክስ ከአይንስታይን የ1910 ሐሳብ ጋር አንድ ቤተ ዘመድ ነው፤ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ያን ቋንቋ ካስተማሩት አንዱ እርሳቸው ናቸው።

ውሃ የራሱን ምስጢር የገለጠው ከሁሉ ዘግይቶ ነው። በሌዘር የታየው ውሃ ታዛዥ ነበር፣ በ6 ቢሊዮን ንዝረትም ቢሆን ፍጥነቱ ከኮላዶኑ ብዙም አይርቅም። በ1974 አኒሱር ራህማንና ፍራንክ ስቲሊንጀር በኮምፒውተር ያስመሰሉት ውሃ ግን እጅግ አጭር በሆነ ሞገድ ላይ ከእጥፍ በላይ የሚሮጥ ድምፅ አሳያቸው። ብርሃን እዚያ አይደርስም፣ ሞገዱ ረጅም ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግሬኖብል በሚገኘው የአውሮፓ የኤክስሬይ ማዕከል ፍራንቼስኮ ሴቴና ጃንካርሎ ሩኦኮ በኤክስሬይ ለኩት፤ በሰከንድ 3,200 ሜትር ገደማ ሆነ። ውሃ በትሪሊዮን ንዝረት ሲመታ የመፍሰሻ ጊዜ ስለማያገኝ እንደ በረዶ ጠጣር ሆኖ ይመልሳል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ዐይን ውስጥ ነው። በጦርነቱ ዘመን የራዳር ማግኔትሮንን ከሃሪ ቡት ጋር የሠሩት ሰር ጆን ራንዳል፣ በሰባዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ፣ በ1980 ቮን ከተባለ ተመራማሪ ጋር ሆነው የዐይን ሌንስና ኮርኒያ በዚህ የብርሃን ብተና ሲመረመሩ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆኑ መለካት እንደሚቻል አሳዩ። በ2008 ጁሊያኖ ስካርቸሊና ሶክ ህዩን ዩን ቦስተን ላይ ማይክሮስኮፕ አደረጉት፤ ሳይነካ፣ ሳይቆርጥ፣ ነጥብ በነጥብ የዐይንን ክፍሎች ጥንካሬ የሚስል። ኮርኒያ እየሳሳ የሚሾልባቸውን ሰዎች ሐኪሞች በዚህ ሊያዩ ጀመሩ። የሥጋ ደዌ የዐይን ቆብን አዳክሞ ኮርኒያን እንደሚያቆስል ለሚያውቅ ዘነበወርቅ ላለ ሐኪም ይህ የሩቅ ወሬ አይመስለውም፣ መሣሪያው ራሱ የሩቅ ቢሆንም።

በ2018 ግን አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ክርክር አነሳ። እርጥብ በሆነ ነገር ላይ፣ ሕያው አካልም ሁሉ እርጥብ ነውና፣ የሚለካው ለውጥ በአብዛኛው የሚከተለው የውሃውን መጠን እንጂ ጥንካሬውን አይደለም አሉ። ጄል ወስደው ውሃውን ሳይለውጡ ጥንካሬውን ሲለውጡ የብርሃኑ ለውጥ እምብዛም አልተነቃነቀም፤ ውሃውን ሲለውጡ ግን ተከተለ። የማይክሮስኮፑ ሰዎች መልስ ሰጡ፦ በሕያው አካል ውስጥ ውሃና ጥንካሬ አብረው ስለሚለዋወጡ ንባቡ አሁንም ለሐኪም ይጠቅማል ብለው። ሙግቱ በየመጽሔቱ እንደቀጠለ ነው።